ድክ ድክ ከሚል ልጅ ጋር ወደ መዝናኛ ፓርክ፦ ከዝግጅቱ እስከ መመለሻው

በመዝናኛ ፓርክ መግቢያ በር ላይ ከልጅዎ ጎን ተንበርክከው ዙሪያዎን ቢቃኙ ብዙ ነገር ይገለጽልዎታል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ቁመቱ በአማካይ 87 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እርስዎ ከሩቅ የሚያዩትን ጉልላትና ከፍ ያለ ሐዲድ እሱ አያየውም፤ ከፊቱ ያለው የሰው ጉልበት፣ የሚወዛወዝ ቦርሳና የጋሪ ጎማ ነው። ይህ ጽሑፍ ከአንድ ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል የሚሆነው ልጅ ይዘው ወደ መዝናኛ ፓርክ ለመጓዝ ላሰቡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚነሣውም ከአንድ እምነት ነው፦ ቀኑ በልጁ እንቅልፍ፣ በልጁ ረሃብና በልጁ እርምጃ ከተለካ ጉዞው ለሁሉም ደስ የሚል ይሆናል፤ ለትኬቱ በወጣው ገንዘብና በፓርኩ ካርታ ስፋት ከተለካ ግን ቤተሰቡ ደክሞና ተኮራርፎ ይመለሳል።

ፓርኩን ስለ መምረጥ

ፓርክ ሲመርጡ ከታዋቂነቱ አስቀድመው ልጅዎ ሊሳፈርባቸው የሚችሉትን ጨዋታዎች ቁጥር ይመልከቱ። ፈጣን ጨዋታዎች የቁመት ገደብ አላቸው፤ ገደቡም የተወሰነው ተሳፋሪው በመቀመጫው ቀበቶ ወይም ማቀፊያ ብረት በአግባቡ ተይዞ እንዲቆይ ታስቦ ስለሆነ በልመና የሚታለፍ አይደለም። ለምሳሌ በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ ማጂክ ኪንግደም በተባለው ፓርክ ውስጥ፣ ለትንንሾች ታስቦ የተሠራው ባርንስቶርመር የተባለ ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ ባቡር) እንኳ 89 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር 97፣ ስፔስ ማውንቴን ደግሞ 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሰንጠረዥ መሠረት የሦስት ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት ከ95 እስከ 96 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የዚህ ዕድሜ ልጆች ከእነዚህ ጨዋታዎች ከአንዱ በላይ አይፈቀድላቸውም ማለት ነው። እንግዲህ ልጅዎን በቤት ውስጥ ጫማ አድርጎ ይለኩት፤ ከዚያም በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ የተዘረዘሩትን ገደቦች አንድ በአንድ እያዩ የሚፈቀዱለትን ብቻ በወረቀት ይጻፉ። ቁመቱ ከገደቡ ጋር እኩል ለእኩል የሆነበት ጨዋታ ካለ አስቀድመው ቃል አይግቡለት፤ መለኪያው እንጨት ሥር ቆሞ «አልደረስክም» መባል ለትንሽ ልጅ መሪር ነገር ነው።

ለዚህ ዕድሜ የሚስማሙት ቀርፋፋ ጨዋታዎች ናቸው፦ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች፣ ትንንሽ ባቡሮች፣ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎች፣ ከፍ ዝቅ እያሉ የሚዞሩ የሚበርሩ ዝሆኖችና እነዚህን የመሰሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርኩ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ የተሠራውና በኋላ በዲዝኒ ፓርኮች የተስፋፋው ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ የተባለው የጀልባ ጉዞ የቁመት ገደብ የለውም፤ ጥላና ቅዝቃዜ ስላለው፣ ልጁም በጭንዎ አጠገብ ተቀምጦ ስለሚያይ፣ በሞቃት ቀን እንደ ዕረፍት ይቆጠራል።

ሰፋፊዎቹ ፓርኮች ስማቸው ቢገንንም፣ በእኔ አስተያየት ለድክ ድክ ባይ ልጅ የሚመረጡት አነስ ያሉት ወይም የቆዩት ናቸው። በኔዘርላንድስ የሚገኘው ኤፍቴሊንግ በ1952 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ዋነኛ መስሕቡ የተረት ደን ነበር፤ ዛሬም ልጁ በራሱ እግር በዛፎች መካከል እየሄደ ተረቶቹን ሲያይ የሚውልበት ቦታ ነው። በዴንማርክ ቢሉንድ ከተማ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የመጀመሪያው ሌጎላንድና በሌሎች አገሮች የተከተሉት ፓርኮች የታሰቡት ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በኮፐንሃገን አጠገብ ያለው ዲዩርሄቭስባከን ታሪኩ ከ1583 እ.ኤ.አ. የሚጀምር ሲሆን ለመግባት ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚከፈለው ለሚሳፈሩበት ጨዋታ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ በፈረስ ዞሮ እንቅልፍ ለሚወስደው ልጅ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። በፍሎሪዳም በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ፔፓ ፒግ በተባለችው የካርቱን አሳማ ስም የተሰየመው ፓርክ ሙሉ በሙሉ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ነው።

ዕድሜን በሚመለከት ሁለት ጠቃሚ ነገሮች አሉ። በካሊፎርኒያ፣ በፍሎሪዳና በፓሪስ የሚገኙት የዲዝኒ ፓርኮች ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ያለ ትኬት ያስገባሉ፤ በቶኪዮ ደግሞ የልጅ ትኬት የሚጀምረው ከአራት ዓመት ነው። ስለዚህ የልደቱን ቀን የሚያሳይ ሰነድ በእጅዎ ይኑር። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጅ ጭን ላይ ተቀምጦ መሄድ ይችላል፤ ሁለተኛ ልደቱ በጉዞው መካከል ከዋለ ግን አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለመመለሻው የራሱን መቀመጫ እንዲገዙለት ይጠይቃሉ። ይህን በመጨረሻው ሰዓት በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሰሙ ወላጆች ጥቂት አይደሉም።

መቼና ለስንት ቀን

ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ሳምንታትና በበዓል ቀናት ሰልፉ ይበዛል። ልጁ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ቤተሰብ በትምህርት ወራት፣ ከሳምንቱም በመካከለኞቹ ቀናት ለመሄድ ነፃነት አለው፤ ይህ ዕድል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚያከትም ቢጠቀሙበት ይበጃል። ሰው በሚያንስበት ወቅት ፓርኮች አንዳንድ ጨዋታዎችን ለጥገና ስለሚዘጉ ግን፣ ልጅዎ የሚወደው ነገር በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ከትኬት ግዥ በፊት ያረጋግጡ። የትንሽ ልጅ ሰውነት ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅም በጣም ሞቃታማ የሆኑትን ወራት መሸሽ ተገቢ ነው።

ከቀናቱ ብዛት ይልቅ አከፋፈላቸው ይበልጣል። አንድ ሙሉ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከመዋል ሁለት ግማሽ ቀን መዋል ይሻላል፤ በሁለቱ መካከልም ፓርክ የማይገባበት ቀን ቢኖር፣ ልጁ ሣር ላይ ተንከባልሎ ወይም በመዋኛ ዳር ውኃ ተራጭቶ ያየውን ሁሉ ለማዋሃድ ጊዜ ያገኛል። የሰዓት ልዩነት ወዳለበት አገር የሚሄዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ይተዉት።

ማደሪያ ሲመርጡ ከውበቱና ከስፋቱ በፊት ከፓርኩ በር ያለውን ርቀት ይጠይቁ። የእኩለ ቀን እንቅልፍን በእውነተኛ አልጋ ላይ ማስተኛት የሚቻለው ማደሪያው በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚደረስበት ከሆነ ብቻ ነው። ወተት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃና የልጅ አልጋ መኖራቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ። ወላጆች ሳይንሾካሾኩ የሚቀመጡበት የተለየ ጥግ ወይም በረንዳ ካለ ደግሞ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ያለው ምሽት ለእናንተም ምሽት ይሆንላችኋል።

ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት

ልጅን ከዳይፐር ለማላቀቅ ከጉዞው በፊት ባለው ወር አይጀምሩ። ጀምረውት ከሆነና ልጁ ገና ካልጸና፣ ለጉዞው ቀናት ወደ ዳይፐር መመለስ ነውር የለበትም፤ ሰልፍ መካከል ቆሞ «ሽንቴ መጣ» የሚል ልጅ እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ የሚታገሥበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። አዲስ ጫማም ለጉዞው ብለው አይግዙለት፤ የለመደውን ያድርግ። በጋሪ ውስጥ መተኛት የማያውቅ ልጅ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በቀን እንቅልፉ ሰዓት በጋሪ እያዞሩ ያስለምዱት፤ ያ ልምምድ በፓርኩ ውስጥ የሚያስገኘው ዕረፍት ከሚገምቱት በላይ ነው።

የጨዋታዎቹን ቪዲዮ ከነድምፃቸው ማሳየትም ይረዳል። ትንሽ ልጅን የሚያስፈራው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት አይደለም፤ ድንገተኛ ጨለማና ድንገተኛ ጩኸት ነው። በቪዲዮ ላይ «አሁን ይጨልማል፤ ከዚያ መብራት ይበራል» እያሉ አብረውት ቢያዩ፣ በቦታው ሲደርስ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይቀመጣል።

ቦርሳውና ጋሪው

ልጅዎ በጋሪ መሄድ ካቆመ ወራት ቢያልፉም ጋሪ ይያዙ። በቤቱ አካባቢ ያለ ድካም የሚሮጥ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ኪሎ ሜትሮች በሚያስኬድ ፓርክ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በኋላ «እቀፉኝ» ማለቱ አይቀርም። ጋሪው አልጋ፣ ጥላ፣ የመመገቢያ ወንበርና ዕቃ መጫኛ ሆኖ ያገለግላል። አንዳንድ ፓርኮች የመጠን ገደብ አላቸው፤ በአሜሪካ ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች ለምሳሌ ከ79 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ወይም ከ132 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጋሪ አያስገቡም፤ የሚጎተቱ ሠረገላ መሰል ጋሪዎችንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። ጋሪዎች በጨዋታዎቹ በር ላይ ስለሚቆሙና ሠራተኞች ቦታ ለማስለቀቅ ስለሚያንቀሳቅሷቸው፣ በመያዣው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ማሰር ከሚመሳሰሉት መቶ ጋሪዎች መካከል የራስዎን በቀላሉ ለመለየት ይረዳል። ገንዘብና ፓስፖርት ግን በጋሪ ላይ ትተው አይሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ልጁ እንዲተኛ ብለው ጋሪውን በብርድ ልብስ ወይም በነጠላ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ አይሸፍኑ። ጨርቁ ስስ ቢሆን እንኳ አየሩን ስለሚያፍን በውስጡ ያለው ሙቀት በአጭር ጊዜ ይጨምራል። በጋሪው ጥላ፣ በዛፍ ሥር በመቆምና ፊቱን ከፀሐይ በማዞር ይጠቀሙ።

በቦርሳው ውስጥ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ለእርስዎም አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ከወትሮው በዛ ያለ ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ፣ የእርጥብ ልብስ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ክዳን ያለው የውኃ ኩባያ፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይኑሩ። ቅባቱ የመከላከል አቅሙ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ ከመውጣትዎ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አስቀድሞ ይቀባል፣ በየሁለት ሰዓቱም፣ ከውኃ ጨዋታ በኋላም ይደገማል። ፓርኩ የውኃ መራጫ ሜዳ ካለው የመዋኛ ዳይፐር ያስፈልጋል፤ ተራው ዳይፐር ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ልጁን መራመድ ይከለክለዋል። ልጁ የሚተኛበት ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ካለው ይያዙለት፤ ሆኖም በሩጫ እንዳይወድቅ በጋሪው ላይ በክር ይሰሩት።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጥቅል ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይጨምሩ። ይህን የተማርኩት በራሴ ልጅ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗት ከፖፖ ወደ ትልቅ መጸዳጃ ገና በተሸጋገረችበት ጊዜ፣ በጉዟችን መጀመሪያ በአንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ራሱን በራሱ ውኃ የሚለቅ መጸዳጃ ላይ አስቀመጥኳት። ከኋላዋ ያለው ሴንሰር ትንሽነቷን አይቶ «ሰው ተነሥቷል» ብሎ ነው መሰለኝ፣ ተቀምጣ ሳለች ውኃውን በኃይል ለቀቀው። ሁለት እጆቿን አንገቴ ላይ ጠምጥማ እየጮኸች ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቀናት ውኃው ይጮኻል እያለች ምንም ዓይነት መጸዳጃ ቤት በር አላልፍም አለች። መፍትሔው እጅግ ቀላል ነበር፦ ልጁን ከማስቀመጥዎ በፊት ሴንሰሩ ላይ አንድ ተለጣፊ ወረቀት ይለጥፉ፤ ልጁ ወርዶ ልብሱን ካስተካከለ በኋላ ወረቀቱን ያንሡ። ልጁ ራሱ «አሁን ልቀቀው» እያለ እንዲያነሣው ካደረጉማ ፍርሃቱ ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

የፓርኩ ቀን

ፓርኩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት በፊት በሩ ላይ ይድረሱ። ትንሽ ልጅ በተፈጥሮው ማልዶ የሚነሣ መሆኑ በሌላው ቀን ቢያደክምም በዚህ ቀን ትልቅ ሀብት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ሰልፉ አጭር፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ የልጁም መንፈስ ሙሉ የሆነበት ጊዜ ነው። ልጅዎ በጣም ይወደዋል ያሉትን አንድ ጨዋታ መጀመሪያ ያድርጉት፤ ረጋ ባለ መንፈስ የሚታዩትን፣ ለምሳሌ እንስሳትን፣ ባቡሩንና የመጫወቻ ሜዳውን፣ ለኋላ ያቆዩ። በግማሽ ቀን ሦስት ወይም አራት ነገር ከተሳካ በቂ ነው።

ልጁ የወደደውን ነገር መድገም ከፈለገ ይድገም። አዋቂው አዲስ ነገር ሲፈልግ፣ ትንሽ ልጅ ግን ደስታው ያለው የሚመጣውን በማወቅ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ዙር ፈረሱ ላይ ሲወጣ የት እንደሚይዝ፣ ሙዚቃው መቼ እንደሚጀምር፣ እናቱ በየትኛው አጥር ዘንድ ቆማ እጇን እንደምታወዛውዝለት ያውቃል። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፓርክ የወሰድናት ቀን ከፈረሶቹ ሰልፍ አጠገብ አንዲት የውኃ መውረጃ ፍርግርግ ነበረች፤ ልጄ እዚያች ላይ ቁጢጥ ብላ ከወደቁት ቅጠሎች አንዱን አንሥታ በቀዳዳው ትጨምራለች፣ ጎንበስ ብላ ትሰማለች፣ «ገባ» ትላለች፤ ደግሞ ሌላ ቅጠል። እኔ ሰልፉ አጭር ሳለ እንድትነሣ ጎተትኳት፣ እሷም ተንፈራግጣ አለቀሰች። ባለቤቴ «ቆይ፣ ተዋት» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ቅጠል ያቀብላት ጀመር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዚያ በራሷ ፈቃድ ተነሥታ እጄን ይዛ ወደ ፈረሶቹ ወሰደችኝ። በዕቅድዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ምንም ያልተጻፈበት ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ደጋግመው ያስገቡ።

ምሳን ሌሎች ሰዎች ከመመገባቸው በፊት፣ አምስት ሰዓት ገደማ ላይ ቢያደርጉት መቀመጫ በቀላሉ ይገኛል፤ ልጁም ረሃቡ ወደ ለቅሶ ሳይለወጥ ይበላል። ከምሳ በኋላ የሚቀጥለው እንቅልፍ ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። በፓርክ ቀን በማለዳ ተነሥቶ ማታ ርችት እስኪያይ የሚቆይ ልጅ የቀን እንቅልፉ ከተነጠቀ ይህን የሚያሟላበት መንገድ የለም። እንቅልፍ ያጣ ትንሽ ልጅ ደግሞ እንደ አዋቂ ዝም ብሎ አይደክምም፤ ይበልጥ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ከዚያም በትንሽ ነገር ይፈርሳል። ወላጆች ይህን ሩጫ «ገና አልደከመውም» ብለው ስለሚተረጉሙት ነው ነገሩ የሚበላሸው። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ከፓርኩ ይውጡ፤ በማደሪያው ያስተኙት፣ እናንተም ተኙ፤ ፀሐይ ሲበርድ አሥር ሰዓት ገደማ ይመለሱ። ለመመለስ ሲወጡ የዚያው ቀን ትኬት ዳግም ለመግባት የሚያገለግል መሆኑን በር ላይ ይጠይቁ። ማደሪያው ሩቅ ከሆነ ጸጥ ያለ ጥላ ያለበት መንገድ አግኝተው በጋሪ ያስተኙት። ትልልቅ ፓርኮች ዳይፐር መቀየሪያ፣ ማጥቢያ ክፍልና የልጅ ምግብ ማሞቂያ ያለበት የሕፃናት እንክብካቤ ክፍል ስላላቸው ቦታውን በካርታው ላይ አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት።

ትልልቆቹ ጨዋታዎች ለወላጆችና ለታላላቅ ልጆች የተከለከሉ መስሎ መታየት የለበትም። በአብዛኞቹ ፓርኮች የወላጅ መቀያየሪያ የሚባል አሠራር አለ፤ በዲዝኒ ፓርኮች «ራይደር ስዊች»፣ በዩኒቨርሳል ፓርኮች «ቻይልድ ስዋፕ» ይባላል። አንደኛው ወላጅ ሲሳፈር ሌላኛው ከልጁ ጋር ይቆያል፣ ከዚያም ሰልፉን እንደገና ሳይሰለፍ ይቀያየራሉ። የሚሠራው ግን ሠራተኛውን ሰልፉ መግቢያ ላይ ሲጠይቁ ነው፤ ሳይጠይቁ ከተሰለፉ በኋላ ለማስተካከል ያስቸግራል። አብሯችሁ ታላቅ ልጅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጅ ጋር ሁለት ጊዜ የመሳፈር ዕድል ያገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ለታናሹ ሲታገሥ ለዋለ ልጅ ይህ ደስ የሚል ካሣ ነው።

የገጸ ባሕርያትን ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ልጆችን ያስደስታሉ ተብሎ ቢታሰብም፣ በቴሌቪዥን አንድ ስንዝር ሆኖ የሚያውቀውን ፍጡር ሁለት ሜትር ሆኖና የማይንቀሳቀስ ዓይን ይዞ ሲመጣበት የሁለት ዓመት ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙ፤ ልጁን አቅፈው ሌሎች ልጆች ሲጨባበጡ ይመልከት፣ ከሩቅ እጁን ያወዛውዝ። ልቅረብ ካለ ይቅረብ፤ ካላለ ከሩቅ ያየው ይበቃል። የሚጮኽን ልጅ ለፎቶ ብሎ በሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ርችትም እንዲሁ ነው፦ የልጆች የጆሮ መከላከያ ያድርጉለት፣ ከሚተኮስበት ቦታ ራቅ ብለው ወደ መውጫው በር ቀርበው ይመልከቱ፤ ከደነገጠም ሳይጋፉ መውጣት ይችላሉ።

ምግብ

በፓርክ ውስጥ በየጥጉ ከሚሸጡት ነገሮች ሁለቱ፣ ፈንዲሻና ሆት ዶግ፣ ለትንሽ ልጅ የመታነቅ አደጋ ካላቸው ምግቦች ዋነኞቹ ናቸው። የሕፃናት ሐኪሞች አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈንዲሻ እንዳይሰጥ ይመክራሉ፤ ሆት ዶግ በክብ በክብ ሳይሆን በቁመቱ ተሰንጥቆ በትንንሹ ይቆረጥ፣ የወይን ፍሬም ለአራት ይከፈል። ልጁ የሚበላው በሩጫና በጋሪ መንገጫገጭ ላይ ሆኖ ሳይሆን ተቀምጦ ይሁን። ብዙ ፓርኮች ለሕፃን የሚሆን ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳሉ፤ በቤት የለመደውን ነገር መያዝም ለሆዱ ይስማማዋል። ሰልፍ ላይ ሲቆሙ በትንንሹ የሚቀመስ መክሰስ ጊዜውን ያሳጥራል። ውኃ ሳይጠይቅ ይስጡት። ከመመገቡ በፊት እጁን በውኃና በሳሙና ያሳጥቡት፤ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለውን ኖሮቫይረስ የእጅ ጄል በሚገባ አይገድለውም።

ልጅ እንዳይጠፋ

በየማለዳው፣ ልጁ ልብሱን ለብሶ እንደጨረሰ፣ ከእግር እስከ ራሱ ፎቶ ያንሡት። የጠፋ ልጅን ለሠራተኛ ሲያስረዱ በድንጋጤ መካከል የሸሚዙን ቀለም ማስታወስ ይከብዳል፤ ፎቶው ግን ስልክዎ ላይ አለ። የስልክ ቁጥርዎን በክንዱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ ወይም በእጅ ማሰሪያ ላይ ያድርጉት፤ ስሙን ግን ማንም በሚያየው ልብስ ላይ አይጻፉ። በፓርኩ እንደገቡ ስም የተጻፈበት ደረት ባጅ ያደረጉ ሠራተኞችን እያሳዩ «እማዬን ካጣህ እንዲህ ዓይነት ምልክት ያለውን ሰው ትጠራለህ» ይበሉት። የሁለት ዓመቱ ላይገባው ይችላል፤ የሦስት ዓመቱ ግን ይገባዋል።

ልጅ የሚጠፋው በአብዛኛው ሁለቱም ወላጆች «ከአንተ ጋር ነው»፣ «ከአንቺ ጋር ነው» ብለው በሚያስቡበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ልጁን የሚጠብቀው ሰው በስም ይታወቅ፤ ሲቀያየሩም «አሁን እኔ ይዤዋለሁ» ተብሎ በአፍ ይነገር። በውኃ ጨዋታ አጠገብ ደግሞ፣ ውኃው የቁርጭምጭሚት ያህል ቢሆንም፣ ጠባቂው በእጅ በሚደርስ ርቀት ላይ ይቁም፤ ስልኩንም ኪሱ ያድርግ።

ለቅሶውና መመለሻው

ለቅሶ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ልጁን ይዘው ከሰዉ፣ ከሙዚቃውና ከመብራቱ ወጣ ይበሉ፤ ጥላ ባለበት ግድግዳ ጥግ ወይም ጸጥ ባለ መንገድ ላይ አቅፈውት ይቀመጡ። ውኃ ይቅመስ፣ ጫማው ይውለቅ፣ ዳይፐሩ ይታይ። በዚያ ጊዜ ምክርም ማስፈራሪያም አይሰማም፤ «ስንት ከፍለን መጥተን» የሚለው ንግግርማ ለሁለት ዓመት ልጅ ምንም ትርጉም የለውም። አሥር ደቂቃ አልፎ ካልበረደለት ቀኑ አብቅቷል ማለት ነው፤ ወደ ማደሪያ መመለስ ይገባል።

መውጣት ራሱ ዝግጅት ይፈልጋል። ትንሽ ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ ቁጥር ግን በመጠኑ ይገባዋል። «አምስት ደቂቃ ቀረን» ከማለት «አንድ ጊዜ ፈረሱ ላይ፣ ከዚያ ወደ አልጋ» ማለት ይቀለዋል፤ ያሉትን አንድ ጊዜም ወደ ሁለት አይለውጡት። ከዚያም እየዞረ ፈረሱን፣ ባቡሩን፣ በሩን «ደህና እደሩ» ይበላቸው። በመውጫው በር አጠገብ ባለው መጸዳጃ ቤት ፊቱንና እጁን ያጥቡት፣ ጥርሱን ይቦርሹለት፣ ንጹሕ ዳይፐርና ከጠዋት ጀምሮ በቦርሳው ታችኛ ክፍል የተቀመጠውን የሌሊት ልብሱን ያልብሱት። ጋሪው ውስጥ አስተኝተው ጥላውን ዝቅ አድርገው ሲገፉ፣ ብዙውን ጊዜ ከመኪና ማቆሚያው ሳይደርሱ ይተኛል፤ ማደሪያው ሲደርሱም ሳይነቃ አንሥቶ ወደ አልጋው ማስገባት ብቻ ይቀርዎታል።